የሽብሩ መንጋጋ

አንድ ሰው ነበር። ሐሙስ ጠዋት ከሰል የጫነች አህያውን እየነዳ ወደ አንዲት የቆላ ከተማ ሲገባ ኬላ ላይ አስቆሙት። ጆንያውን ሲያራግፉት ከከሰሉ ሥር የፈንጂ ገመድ ወጣ። አሁን ይሄ ሰው ምን ይበል? ከሰሉን ማቀጣጠያ ነው አይል ነገር።

ስሙ ሽብሩ ነው። አትሳቁ፤ አባቱ ያወጣለት ስም ነው። የያዘው ፖሊስ ሳጅን ግዛቸው ግን ስሙን መዝገብ ላይ ሲጽፍ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

ምእመናን፣ ልብ በሉልኝ። ሽብሩ ንጹሕ ሰው አልነበረም። በስህተት የተያዘ ምስኪን ነው ብዬ ላስለቅሳችሁ አልቆምኩም። ሰው ሊገድሉ ከመከሩ ሰዎች ጋር አብሮ መክሯል። ገመድ ብቻውን አይመጣም፤ ፈንጂው ቀድሞ ከተማው ውስጥ ገብቶ ተደብቋል። ሌላ ገመድ ይዞ የሚመጣ ሰው ይኑር አይኑር የሚያውቅ የለም። ቅዳሜ ደግሞ ገበያ ነው፤ ከዙሪያው ቀበሌ ሁሉ ሰው የሚፈስበት ገበያ።

እንግዲህ ጥያቄው አንድ ነው። የት ነው የተደበቀው?

ሽብሩ ዝም።

ማን ላከህ? ዝም። ከማን ጋር ነህ? ዝም።

አፉን በሻሽ ጠቅልሎ ነበር። ሻሹን ሲፈቱለት ግራ ጉንጩ እንደ ብርቱካን ተወጥሯል። ሳጅን ግዛቸው የዚያው የቆላ አገር ልጅ ነው፤ ጉንጩ የተወጠረ ሰው ሲያይ የሚመጣለት አንድ ነገር ብቻ ነው። ጫት። «ትፋው» አለው። ሽብሩ አልተፋም። ምኑን ይትፋ? ሳጅኑ እስከ ማታ «ትፋው» ሲል ዋለና ለበላይ አካል ሪፖርት ጻፈ። ተጠርጣሪው በከፍተኛ ደረጃ የሠለጠነ ከመሆኑ የተነሣ የጎረሰውን ጫት እንኳ አሳልፎ ለመስጠት ፈቃደኛ አልሆነም ይላል ሪፖርቱ።

ዓርብ ጠዋት የወረዳው ምክትል አስተዳዳሪ አቶ መንበሩ ምርመራው የት ደረሰ ብለው ሊጠይቁ መጡ። መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ሳጅን ግዛቸው አለቃ ፊት ባዶ እጁን መታየት አልፈለገም። «መሪህ ማነው? ትፋው!» አለና አንድ ጥፊ አሳረፈ። በየት በኩል? በግራ በኩል፤ በተወጠረው ጉንጭ ላይ።

ሽብሩ ጮኸ። ሊል የፈለገው «ጥርሴ ነው» ነበር። መንጋጋው መግል ቋጥሮ አፉ አልላወስ ብሎት ነበርና ከሐሙስ ጀምሮ የተናገራት የመጀመሪያ ቃል ይህች ናት። ያበጠ አፍ ግን ፊደል አይመርጥም። ጥ እዚያው ቀረች፤ ሴ ሱ ሆነች፤ የተሰማው «እርሱ ነው» የሚል ሆነ። ሲጮኽ ደግሞ ፊቱ ወደ በሩ ዞሮ ነበር።

በሩ ላይ ማን ነበር የቆመው?

አቶ መንበሩ መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ሌላ ሰው እንዳልሳቀ አዩና አቆሙ። ጸሐፊው ግን መጻፉን አላቆመም፤ ተጠርጣሪው መሪውን በአካል አሳይቷል ብሎ መዘገበ። ስልካቸውን ተቀበሏቸው። አንድ መልእክት ተገኘ፤ «ቅዳሜ ጠዋት አንድም ሰው እንዳይቀር፣ ሁሉም መሣሪያውን ይዞ ይምጣ» የሚል። የጽዳት ዘመቻ ነው፣ መሣሪያ ያልኩት አካፋና መጥረጊያ ነው ብለው ቢምሉ ማን ይስማቸው? የጣቢያው ፖሊስ በሙሉ አካፋ ይዞ ወደ ቤታቸው ሄደ። ጓሯቸውን ቆፈሩት። እስከ ምሳ ሰዓት የተገኘው የባለቤታቸው ካሮት ነው፤ ገና ያልደረሰ ካሮት።

እናንተ ትስቃላችሁ። ፈንጂው ግን አይስቅም። እነዚያ ሰዎች ካሮት ሲነቅሉ ፈንጂው በተቀመጠበት ተቀምጧል። ያቺ ጥፊ ስንት ሰዓት እንደ በላች አያችሁ?

ኢንስፔክተር የሺመቤት የጣቢያው የምርመራ ኃላፊ ናት። ለሥራ ዞን ሄዳ ነበርና ዓርብ ቀትር ላይ ስትመለስ ጣቢያው ባዶ ሆኖ ጠበቃት። ሰዎቹ የት ሄዱ ብላ ጠየቀች። ጸሐፊው አንገቱን ደፍቶ ጓሮ እየቆፈሩ መሆኑን ነገራት። መዝገቡን አንሥታ አነበበች፤ ሁለቴ አነበበች። ከዚያ ሳጅን ግዛቸው ተጠርቶ እስኪመጣ ድረስ ሽብሩን አስወጥታ ወንበር ሰጠችውና የመናገር ግዴታ እንደሌለበት፣ ከተናገረ ግን ቃሉ ፍርድ ቤት ሊቀርብበት እንደሚችል አስረዳችው።

ሳጅኑ ጫማው ጭቃ እንደ ለበሰ ሲገባ ይህን ሰማ። ይሄ ሰው መቼ ተናገረና ነው ዝም እንዲል ፈቃድ የሚሰጠው አለ። ሕጉ ጥሩ ሕግ ነው፣ ግን ለሰላም ጊዜ ነው፤ ነገ ገበያ ነው አለ።

«ነገ ገበያ ስለሆነ ነው እውነቱ የሚያስፈልገን» አለችው። «ካሮትማ ገበያም ሞልቷል።»

ለሽብሩ ውኃ አስመጣችለት። ጠጣ። እንዴት ጠጣ? አንገቱን ወደ ቀኝ አዘንብሎ፣ በአንድ ጎን፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። የሺመቤት አራት ልጅ ያሳደገች ሴት ናት። ከወንበሯ ጎንበስ አለች።

«ጥርስህ ነው?»

ሽብሩ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ከአንድ ቀን በላይ መሪህ ማነው ሲሉት፣ ትፋ ሲሉት ቆይተዋል። ምን ሆነሃል ያለው ሰው ግን አልነበረም።

በሁለት ፖሊስ አሳጅባ ከተማው ሆስፒታል ወሰደችው። የጥርስ ሐኪሙ ምን ዓይነት ሰው ነው ብሎ ጠየቀ። በሽተኛ ነው አለችው። መግሉ ፈሰሰ፤ መንጋጋው ከነሥሩ ወጣ። ሽብሩ አልጋው ላይ እንደ ተኛ ጥቂት አለቀሰ፤ ከሕመም ሳይሆን ሕመሙ ስለ ተወው።

ከዚያ የመናገር ግዴታ እንደሌለበት እንደገና ነገረችው። ሳጅን ግዛቸው ግድግዳውን ተደግፎ ጣሪያ ጣሪያውን አየ።

ሽብሩ ጥጥ በነከሰ አፉ፣ «ባልናገርስ?» አላት።

«ባትናገርም ጥርስህ ተነቅሏል። አይመለስልህም።»

ሽብሩ ፈገግ አለ፤ ግማሽ ፊቱ ደንዝዞ ስለ ነበር በግማሽ ፊቱ ፈገግ አለ። ከዚያ የተናገረውን እነግራችኋለሁ።

«ብያዝ እንደሚደበድቡኝ ነግረውኝ ነበር» አለ። «ለዱላው የተዘጋጀ ውሸት ነበረኝ። ከወንዙ ማዶ ወዳለው ድልድይ ልልካችሁ ነበር። ለዚህ ግን ምንም አላዘጋጀሁም።»

ፈንጂው በገበያው ጨው ተራ፣ ነጋዴዎቹ ዕቃ በሚደረድሩበት የድንጋይ መደብ ሥር ነበር። አሥር ሰዓት ሳይሞላ ባለሙያዎች መጥተው አወጡት። ቅዳሜ ገበያው ቆመ። ጨው ሻጮቹ በዚያው መደብ ላይ ተቀምጠው በዋጋ ሲከራከሩ ዋሉ፤ ከሥራቸው ምን እንደ ተነሣ እስከ ዛሬ የሚያውቁ አይመስለኝም።

ከወራት በኋላ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀረበ። ዳኛው ሽብሩ ቃሉን የሰጠው ተገድዶ እንዳልሆነ ማረጋገጥ ነበረባቸው፤ ሕጉ ያዛል፤ በግድ የወጣ ቃል አይጸናም። «በፖሊስ እጅ ሳለህ ምን አደረጉህ?» ብለው ጠየቁት።

«ጥርሴን ነቀሉኝ፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

ዓቃቤ ሕጉን ላብ አጠመቀው። ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁና፣ «ስንት?» አሉ።

«አንድ። መንጋጋዬን። እግዚአብሔር ይስጣቸው።»

የሆስፒታሉ ካርድ እስኪቀርብ ድረስ ሥርዓት ለማስከበር ዳኛው ጠረጴዛ ሦስት ጊዜ መቱ ይባላል። ጥፊውስ? እርሷም ተነሣች። ማን አነሣት? የሺመቤት ራሷ፤ በመዝገቡ ላይ ጽፋት ነበር። ሳጅን ግዛቸው ያን ጊዜ ለምን ታጋልጭናለሽ ብሏት ነበር። ይህን ከደበቅኩ የቀረውን ማን ያምነኛል አለችው። ሳጅኑ ተቀጣ፤ ከምርመራ ሥራም ተነሣ። አቶ መንበሩ ቤት ሽማግሌ ይዞ ሄዶ ይቅርታ ሲጠይቅ የባሰ የተቆጣችው ባለቤታቸው ናት አሉ። ሽብሩ ዐሥራ ስምንት ዓመት ተፈረደበት። መንጋጋው ተነቀለለት እንጂ ጥፋቱ አልተነቀለለትም። ይገባዋል፤ አሁንም እስር ቤት ነው።

አሁን አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ የምትሉት ይሰማኛል። አባታችን፣ እኛ ምን አገባን? እኛ ፖሊስ አይደለንም፤ ሽብርተኛ አልያዝንም።

እውነት? ቤታችሁ ውስጥ ስንት ምርመራ ይካሄዳል? የጆሮ ጌጥ ጠፋ። መጀመሪያ የሚፈተሸው የማን ሻንጣ ነው? የሠራተኛዋ አይደለም? ልጁ ከትምህርት ቤት ዝም ብሎ ገባ። ምን ሆንክ ትሉታላችሁ ወይስ ምን አጠፋህ? ባል አመሸ። ጥያቄው ከመድረሱ በፊት ፍርዱ አልደረሰም?

ፈጣሪ አዳም ዛፍ ሥር ሲደበቅ ያየው ነበር። ቅጠሉን ቆጥሮ ሊነግረው ይችል ነበር። እርሱ ግን ጠየቀ። የት ነህ አለው። ሁሉን የሚያውቀው ጠይቆ ፈረደ። ምንም የማናውቀው እኛ ፈርደን እንጠይቃለን፤ ያውም ከጠየቅን። ጥፋተኛም እኮ ይጠየቃል። ጥፋተኛም እኮ ያመዋል። ሰውን ያሠርከው ስለ ሰውነቱ አይደለም፤ ስለ ሥራው ነው። ሰውነቱ በእጅህ የገባ አደራ ነው።

እኔስ? ባለፈው እሑድ የድምፅ ማጉያው ባትሪ ጠፋ። ዘበኛችንን አቶ ውብሸትን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ምን እንዳልኳቸው ሰምታችኋል። አልጠየቅኋቸውም፤ ነገርኳቸው። ባትሪው ማክሰኞ ዕለት ከካባዬ ኪስ ወጣ። ዛሬ ስንት ቀን ነው? አምስት ቀን ሙሉ በበሩ ሳልፍ በሌላ በኩል እያየሁ አልፌያለሁ።

አቶ ውብሸት እዚያ ከኋላ ቆመዋል፤ አያቀርቅሩ፤ ማቀርቀር ያለብኝ እኔ ነኝ። አሁን ከዚህ ወርጄ ወደ እርሳቸው ልሄድ ነው። መንገዱ ከዚህ ሲያዩት ረጅም ነው። እናንተም የምትሄዱበት ሰው አላችሁና ተነሡ፤ ብቻዬን አታስኪዱኝ።