ላዩ «የጾም»፣ ውስጡን ለቄስ

አንዲት እናት ነበሩ፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ያላቸው፣ ወይዘሮ አልጋነሽ የሚባሉ። ጾም ሽረው አያውቁም። ሁዳዴ ገባ፤ ሥጋው ቀረ፣ ወተቱ ቀረ፣ ቅቤው ቀረ። ግን ምን ሆነ መሰላችሁ? ሁዳዴው ሲጋመስ ቀሚሳቸው እምቢ አለ!

ስቅለት ደረሰ። ሕዝቡ ኪርያላይሶን እያለ ይሰግዳል። እሳቸው ሰባት ሳያደርሱ ጉልበታቸው ከዳቸው፣ ዓይናቸው ጨለመ። ግድግዳ ተደግፈው ዋሉ። «ጌታዬ መስቀል ተሸክሞልኝ፣ እኔ ገላዬን መሸከም አቃተኝ» ብለው አለቀሱ።

ለንስሐ አባታቸው ነገሯቸው።

«አባ፣ ጾሜ አወፈረኝ።»

«ወለተ ሥላሴ፣ ጾም አያወፍርም። ምን እየበላሽ ነው?» አሏቸው በክርስትና ስማቸው ጠርተው።

ከቦርሳቸው የብስኩት እሽግ አወጡ። «ይኸው፣ “የጾም” ይላል!»

አባ መነጽራቸውን አደረጉ። «እስቲ ገልብጪው» ብለው ከጀርባው አነበቡ። «ዱቄት፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ደግሞ ሌላ ስኳር፣ ጨው…»

«ውይ! ጣፋጭ ብስኩት ውስጥ ጨው ምን ይሠራል?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? ዓይንሽ የጨለመው በከንቱ አይደለም፤ በይ ጤና ጣቢያ ሂጂ።»

ሄዱ። ደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኘ።

ከዚያ ወዲያ ወይዘሮ አልጋነሽ ሳይገለብጡ አልገዙም። የታሸገ ጭማቂውን ገለበጡት፤ ስኳር! የወጥ ማጣፈጫውን ገለበጡት፤ ጨው! ባለሱቁ «እትዬ፣ ሊገዙ ነው ሊያነቡ?» እያለ ቀለደባቸው። ይቀልድ! ቆሏቸውን ቋጥረው፣ ሥራ ቦታቸው ድረስ በእግራቸው እየሄዱ ከረሙ።

ዓመት ዞረና ስቅለት መጣ። ሰባትን አለፉ። ሃያን አለፉ። መቶን አለፉ! በስንብቱ ላይ አባ በወይራ ቅጠል ጀርባቸውን ቸብ አድርገው «አርባ አንድ ስገጂ» አሏቸው። ሰገዱ። ተመልሰው መጡ። ላባቸው በፊታቸው እየወረደ፣ ጥርሳቸው እየሳቀ፣ ምን አሉ?

«አባ፣ ይጨምሩልኝ!»

እልል በሉ እንጂ!

ምእመናን፣ እናንተስ? ዛሬ ቤት ስትገቡ ብስኩቱን ገልብጡት፤ ይኼ ገላ አደራ ነው፣ የምትሰግዱበትም እሱው ነው። ከዚያ ብስኩቱን አስቀምጡና ራሳችሁን ገልብጡ። ከፊታችን በትልቁ «ጾመኛ» ተብሎ ተጽፏል። ከጀርባስ? ሐሜቱ፣ ቂሙ፣ ሳንቲም የማይወጣው እጃችን፣ በደቃቅ ፊደል ተደርድሮ የለም? ሰው ላዩን አይቶ ያከብረናል፤ ውስጡን ለቄስ እንላለን።

እንግዲያው ለቄሱ ንገሩት! ወይዘሮ አልጋነሽን በእግራቸው ያቆማቸው እኮ ማንበባቸው ነው። እናንተም ገልብጡ፣ አንብቡ፣ ተናዘዙ። የከርሞ ስቅለት ግድግዳ የሚደገፍ ሰው አልይ።