ልጆቹ የሚሰበሰቡበት ግድግዳ

አንድ ቀን ልጄ፣ የትምህርት ቤት ቀሚሷን እያጠበብኩላት ሳለ፣ «እማዬ፣ ሰው ሳይበላ ምን ያህል መቆየት ይችላል?» ብላ ጠየቀችኝ።

ያን ጊዜ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። የምንኖረው አሰላ ነው። አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበር ሳምንቱን መንገድ ላይ ይከርማል፤ ቤቱ የእኔና የእሷ ነበር ማለት ይቻላል። ከቤታችን የመንገድ ዳሩን ክፍል ልብስ መስፊያ አድርጌዋለሁ። ዝናብ ሲመጣ የቆርቆሮው ድምፅ የስፌት መኪናዬን ድምፅ ይውጠውና፣ እየሰፋሁ መሆኔን የማውቀው ጨርቁ ሲሄድ በማየት ብቻ ነበር። እሷ ከአጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክልልኛለች። አሁን ያ ክፍል የለም፤ መንገዱ ሲሰፋ ፈረሰ። እኔ ግን ዓይኔን ስጨፍን ዛሬም ክር በጥርሷ ስትበጥስ ትታየኛለች።

ጥያቄዋን ስሰማ ደስ አለኝ። ስለ ገዳም አባቶች የጠየቀችኝ መሰለኝ። «በረሃ ገብተው ቅጠል እየቀመሱ ዘመናቸውን የጨረሱ ቅዱሳን አሉ» አልኳት።

«አይርባቸውም?»

«ይርባቸዋል እንጂ። ግን ያሸንፉታል።»

ቀና ብዬ አላየኋትም፤ ዓይኔ መርፌው ላይ ነበር። የዚያን ቀን መልሴን ተቀብላ ወዴት እንደወሰደችው ፊቷን አይቼ ቢሆን ኖሮ ምናልባት እረዳ ነበር።

ያንን ቀሚስ መስከረም ላይ ለክቼ የሰፋሁላት እኔው ነኝ። የገና በዓል ሲደርስ «ሰፋኝ» አለች፤ አጠበብኩ። ዐቢይ ጾም ሲገባ እንደገና «ሰፋኝ» አለች። የዘንድሮ ልጆች ጥብቅ ያለ ነው የሚወዱት አልኩና ደግሜ አጠበብኩ። ሃያ ዓመት የሰው ወገብ ስለካ የኖርኩ ሴት፣ የገዛ ልጄ ወገብ ሲያልቅ ፋሽን መሰለኝ።

ጾሙ ሲገባ ደግሞ እንደ ትልቅ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት ጀመረች። ከዚያም አልፎ «ጓደኛዬ ቤት በላሁ» እያለች ማታም ገበታ አትቀርብም። ደስታዬን አልቻልኩትም። ለንስሐ አባታችን ለመምሬ አክሊሉ ሳይቀር ተናገርኩ። «ልጄ በጾም ከእኔም በልጣለች፣ አባቴ» አልኳቸው። ጎረቤቴ ድንቅነሽ ይህን ስትሰማ፣ «የእኔዋ እኮ ጾም የሚባለው ሽሮ ሁለት ጊዜ መብላት ነው የሚመስላት። ያንቺን ልጅ ለአንድ ሳምንት አውሺኝና ታስተምርልኝ» ብላ አሳቀችን። ልጄም አብራን ሳቀች።

የመጻጉዕ እሑድ፣ ያ ሠላሳ ስምንት ዓመት አልጋ ላይ የኖረው በሽተኛ በሚታሰብበት ቀን፣ ቅዳሴ ላይ ቆማ ሳለች ወደቀች። ሁለት ሴቶች ሊያግዙኝ እጃቸውን ሲዘረጉ እኔ ብቻዬን አንስቻት ቆሜአለሁ። የታጠፈ ጋቢ ያህል እንኳ አልከበደችኝም። ያወቅኩት ያኔ ነው። ዓይኔ ያላየውን ክንዴ አወቀው።

ጤና ጣቢያ የመረመረቻት ነርስ ወደ ጎን ጠራችኝ። «እትዬ፣ ልጅቷ አትበላም» አለችኝ።

«ትጾማለች» አልኳት።

«ይሄ ጾም አይደለም። ስትበላ በዓይንዎ አይተው ያውቃሉ?»

ለመመለስ አፌን ከፈትኩ። ከገና ወዲህ አንድም ቀን ትዝ አላለኝም። ነርሷም አልጨከነችብኝም፤ እጄን ያዝ አድርጋ፣ «እንዲህ ከቀጠለች ልቧ አይችልም። መድኃኒቷ ምግብ ነው፤ ወተትም፣ እንቁላልም ያስፈልጋታል» አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ መምሬ አክሊሉ ሊጠይቁን መጡ። «ከዛሬ ጀምሮ አትጾሚም፣ ልጄ። በሽተኛ አይጾምም» አሏት።

«እጾማለሁ፣ አባ» አለች።

«ጾም መፍቻ ሰዓት አለው። ያንቺ መፍቻው መቼ ነው?»

ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። መምሬ መስቀላቸውን አሳለሟትና ተነሡ። በሩ ላይ ስሸኛቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይቺ ልጅ ቃል የገባችው ለእግዚአብሔር አይደለም። ለማን እንደሆነ ፈልጊ» አሉኝ።

ማክሰኞ ዕለት አንሶላ ስቀይር ፍራሿ ሥር አገኘሁት። እንደ ደብተር በጋዜጣ የተለበጠ ልብ ወለድ ነው። በሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ የአሥራ አንድ ልጆች ስም በእርሳስ ተጽፏል፤ በየተራ የተዋሱት ናቸው። የልጄ ስም ሦስት ጊዜ አለበት።

ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ እሱንም በማታ። ሳነብ ጣቴ ከዓይኔ ይቀድማል። ስለዚህ መጽሐፉን ለመጨረስ ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ። ልጄ ጓዳ ተኝታ፣ እኔ መኪናዬ ላይ አጎንብሼ የምሰፋ እየመሰልኩ አነበብኩት። በእነዚያ ቀናት ከማቀርብላት አጥሚት ሁለት ማንኪያ ትወስድና ፊቷን ታዞራለች። እኔም ማንኪያውን ይዤ ወደ መጽሐፉ እመለሳለሁ።

ታሪኩ ስለ አንዲት የከተማ ልጅ ነው። መብላት ታቆማለች፣ ትመነምናለች፣ ሆስፒታል ትገባለች፣ በመጨረሻም ትድናለች። ጸሐፊው ልጆች እንዲጠነቀቁ ብሎ እንደጻፈው አልጠራጠርም፤ መግቢያው ላይም እንዲያ ብሏል። ግን ልጅቷ በከሳች ቁጥር ይበልጥ እያማረች ትሄዳለች። ቀድሞ ዞር ብሎ የማያያት ሁሉ ያያታል። ከቤት ርቆ የሚኖረው አባቷ ሥራውን ጥሎ አጠገቧ ይቀመጣል። ይቺን ገጽ ሳነብ ጣቴ ቆመ። ምግቡን የምትሸሽበት ዘዴ ደግሞ አንድ በአንድ ተዘርዝሯል። እኔ እዚህ አልደግመውም፤ ምክንያቴን ወደ ታች ታገኙታላችሁ።

ከጽሑፉ ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን ወረቀቱ ነው። ልብስ የት የት ላይ እንደሚያልቅ ማየት ሥራዬ ነው፤ ሱሪ ጉልበቱ፣ ኮት ክርኑ ላይ ያልቃል። የመጽሐፉም መካከል እንደዚያ አልቋል። ጠርዙ በጣት ጠቁሯል፣ ተሰምሮበታል፣ በሌላ እጅ ጽሕፈት ደግሞ ኅዳጉ ላይ «እኔም ሞከርኩት» የሚል አለ። ልጅቷ የምትድንባቸው የመጨረሻዎቹ ገጾች ግን ከማተሚያ ቤት እንደወጡ ናቸው። ሁለቱ ቅጠሎች እንዲያውም ጫፋቸው ሳይቆረጥ ተያይዘው ቀርተዋል። በመቀሴ ለያየኋቸው። አሥራ አንድ ልጆች የተቀባበሉትን መጽሐፍ መጨረሻውን ያነበብኩ የመጀመሪያዋ ሰው እኔ ሆንኩ።

ያን ቀን ሐሙስ ነበር። ድንቅነሽ መጥታ ነገሩን ስትሰማ፣ «ምን ትጠብቂያለሽ፣ አንቺ ሴትዮ? እሳት ውስጥ ጨምሪው እንጂ። ይሄ መጽሐፍ አይደለም፣ መተት ነው» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ልቤም እንደዚያው ነበር። ክብሪቱን አነሳሁ።

ልጄ ለካ ከጓዳ ትሰማናለች። «አቃጥይው» አለች በቀስታ። «በቃሌ ነው የማውቀው።»

ድንቅነሽ አፏን ያዘች። እኔ ክብሪቱን አስቀመጥኩ። ድንቅነሽ ከሄደች በኋላ ብዙ ጊዜ ቁጭ ብዬ ቆየሁ። ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ያደግኩበት አገር ቤተ ክርስቲያን ትዝ አለኝ፤ የጥዱ ሽታ፣ ከበሩ የሚገባው የጠዋት ፀሐይ፣ እግራችንን የሚያቀዘቅዘው ወለል። ሄጄ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና እንዲህ ብዬ አጫወትኳት።

«አንድ ሠዓሊ ነበር። የእኛን አገር ቤተ ክርስቲያን እንዲስል ተጠርቶ መጣ። በአንዱ ግድግዳ ሲኦልን፣ በሌላው ገነትን እንዲስል ነው። ለሲኦል ሁለት ዓመት ፈጀበት። የእያንዳንዱን ሰይጣን ጥርስ፣ የሰንሰለቱን ቀለበት ሳይቀር ለየ። ሰው አይቶ እንዲፈራ ነዋ። ገነት ላይ ሲደርስ ቀለሙም አለቀ፣ እሱም ደከመ። ጥቂት ዛፍ፣ ጥቂት ነጭ የለበሱ ሰዎች አደረገና ጨረሰ። እንግዲህ እኛ ልጆቹ ከቅዳሴ በኋላ የምንሮጠው ወዴት ይመስልሻል?»

«ወደ ሲኦል» አለችኝ።

«ወደ ሲኦል። ሰይጣኖቹን ሁሉ ስም አውጥተንላቸው ነበር። ቀንዳሙን በአስተማሪያችን ስም ነበር የምንጠራው።»

ከብዙ ጊዜ በኋላ ፈገግ አለች።

«ሜዳ ላይም እንደ እነሱ እየሆንን እንጫወታለን። በጣታችን ስንዳስሰው ቀለሙ ተልጦ ነበር። ገነትን ግን አንድ ጣት አልነካውም። በኋላ አንድ ሽማግሌ ቄስ ይህን አዩና ሠዓሊውን አስጠሩት። ‹ልጆቹ እየፈሩ አይደለም፣ እየለመዱ ነው› አሉት። ሠዓሊው አዘነ። ‹እንግዲያው ልፋቀው?› አላቸው። ‹ብትፍቀውም ዓይናቸው ውስጥ አለ። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ብቻቸውን ነው ያቆምናቸው› አሉት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቄሱ ቅዳሴ ሲያልቅ መቋሚያቸውን ይዘው ይመጡና ከእኛ ጋር ሲኦሉ ፊት ይቆማሉ። አይቆጡንም። ‹ይሄኛው ምን አድርጎ ነው?› እያሉ ይጠይቁናል። ከዚያ የአንዳችንን እጅ ይዘው፣ ‹በሉ አሁን ደግሞ ወዲያኛውን እንይ› ይላሉ። ሌሎቻችንም እንከተላለን።»

ልጄ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች፣ «ሠዓሊው ግን ገነትን ለምን አላሳመረውም?» አለችኝ።

«እንጃ። ሥቃዩን ሳያውቀው አይቀርም። ገነትን ደግሞ ማን አይቶት ያውቃል?»

ፊቷን ወደ እኔ መልሳ፣ «እማዬ፣ አሁን ልብላ ብልም እፈራለሁ። መጀመሪያ እኔ ነበርኩ ምግቡን የማሸንፈው፤ አሁን እሱ ነው» አለችኝ። እንባዋ ወደ ጆሮዋ ወረደ። «ደግሞ አንቺ እየጾምሽ፣ ሰፈሩ ሁሉ እየጾመ፣ እኔ ብቻዬን ወተት ስጠጣ…» አልጨረሰችውም። በዚያ ዓመት ከነገረችኝ ነገር ሁሉ የመጀመሪያው እውነት ይህ ነበር።

ልጄ በአንድ ተረት ዳነች ብዬ አላታልላችሁም። ሁለት ዓመት ፈጅቷል። አዲስ አበባ ድረስ ሐኪም ፍለጋ ተመላልሰናል። ተሻላት ስንል የተመለሰባት ጊዜም ነበር። ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ናት፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህንን እንድጽፍ የፈቀደችልኝም እሷው ናት። «ስሜን ብቻ ተይው» አለችኝ። «ለሌላዋ እናት ይጠቅማት ይሆናል።»

እንግዲህ የተማርኩት ይህ ነው። ለማስፈራት የተጻፈ ሁሉ አያስፈራም። ልጅ ከመጽሐፍ የሚወስደው ጸሐፊው ሊሰጠው ያሰበውን ብቻ ሳይሆን እሱ የጎደለውን ነው። የእኔ ልጅ የጎደላት የሚያያት ሰው ነበር፤ መጽሐፉ ውስጥ ሁሉም የሚያያት ልጅ አገኘች። የምትጽፉ ሰዎች፣ መውደቁን ስትስሉ ለመነሣቱም ቀለም አስቀሩለት። እኛ ወላጆች ደግሞ መጽሐፍ ቀምተን ከማቃጠላችን በፊት ከልጆቻችን አጠገብ ቆመን እስከ መጨረሻው እናንብብ። ጥፋቱን በጸሐፊው አላላክክም። ጾሟን ያየሁ እኔ፣ እሷን አላየኋትም።

ልጃችሁ አሁን በእጁ ከያዘው መጽሐፍ ያለቀው የትኛው ገጽ ነው? አይታችሁ ታውቃላችሁ?

የሠዓሊውን ታሪክ ባጫወትኳት ማግስት ዓርብ ነበር። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ዐቢይ ጾምን አንድ ቀን እንኳ ገድፌ አላውቅም። ልብስ መስፊያዬን ሳልከፍት ማልጄ ላም ካላቸው ጎረቤቶች ወተት አመጣሁና አፈላሁ። ዳቦም ቆረስኩ። አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ሁለት ብርጭቆ ቀዳሁ። አማተብኩ፣ «ይቅር በለኝ» አልኩ፤ ልጄ ዓይኗን ተክላ እያየችኝ፣ መጀመሪያ እኔ ጠጣሁ።