«እኔ ነኝ» የማይባልበት ቤት

አንድ ጊዜ፣ ባለቤቶቹ ትተውት በሄዱ አሮጌ የውሃ ወፍጮ ቤት ውስጥ አንድ አህያና አንዲት ድመት አብረው ይኖሩ ነበር። ድመቷ ውሪት ትባላለች። ለአህያው ስም ያወጣለት ስላልነበረ አህያ ተብሎ ቀረ፤ እሱም ቅር አላለውም። ቤቱ ከወንዙ በላይ አፋፉ ላይ ነው። ወደ ወንዙ ሲወረድ፣ መንገዱ ከሚታጠፍበት ዋሻ ውስጥ ደግሞ አያ ጅቦ ይኖራል። እሱን ማስተዋወቅ አያስፈልገኝም። የሆዱን ነገር ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ የጭንቅላቱንም እንደዚሁ።

አህያው በሕይወት የቆየው በውሪት ዓይን ነበር። ውሪት መስኮቱ ላይ ትቀመጣለች። ጅቡ ብቅ ሲል «መጣ» ትላለች፤ አህያው ከደጅ ሮጦ ይገባና መቀርቀሪያውን ይጥላል። ሦስት ክረምት እንዲህ አለፈ።

በአራተኛው ክረምት መግቢያ ላይ የውሪት ግራ ዓይን ታመመ። መጀመሪያ ያነባ ጀመር። ቀጥሎ ቀላ። ከዚያ ተወጠረና ከውስጥ እንደ ወስፌ ይወጋት ጀመር። ጥቂት ቀን ቆይቶ ቀኙም ደመና ለበሰ። ውሪት ግን ለማንም አልተናገረችም። ድመቶች እንዲህ ናቸው፤ ሲያማቸው ጥግ ይፈልጋሉ እንጂ አይናገሩም። ደግሞም ፈርታ ነበር። «የማታይ ድመት ለአህያው ምን ታደርግለታለች? ያባርረኛል» ትላለች በልቧ።

አንድ ቀን ቀበሮ በመስኮቱ ሥር ስታልፍ ውሪት ዘወር ብላ እንኳ አላየቻትም። ቀበሮ ቆም አለችና መዳፏን ከፍ አድርጋ በውሪት ፊት አወዛወዘች። ውሪት አልተንቀሳቀሰችም።

«ውሪትዬ፣ ምነው ዓይንሽ?» አለች ቀበሮ፣ ድምፅዋን አለስልሳ።

«ምንም አልሆነም» አለች ውሪት ደንግጣ።

«ከእኔም ትደብቂያለሽ? ምች ነው የመታሽ፤ እናቴ መድኃኒት አዋቂ ስለነበረች አውቀዋለሁ። ጨለማ ጥግ ግቢና ሁለት ሳምንት ሙሉ ብርሃን እንዳይነካሽ። ከሁሉም በላይ ለማንም እንዳታሳዪ። የሌላ ዓይን ካረፈበት ይፈሳል።»

ውሪት አመነቻት። ሕመም የያዘው ሰው ምን የማያምነው ነገር አለ? ከወፍጮው ድንጋይ ኋላ ጨለማው ውስጥ ገብታ ተኛች። ቀበሮ ደግሞ በቀጥታ ወደ ዋሻው ወረደች።

«አያ ጅቦ፣ የአህያው ዓይን ልትጠፋ ነው» አለችው።

«አህያው ታውሯል?» አለ ጅቡ።

«ኧረ አንተስ! ድመቷን ነው የምልህ። ውጭ ብትይዘው ይሮጥብሃል፣ ይራገጥብሃል። ጠባቂ ከሌለው ግን ቤት ውስጥ ቁጭ ብለህ ትቀበለዋለህ። ቀኙም እስኪጠፋ ታገስ። ሥጋው ያንተ፣ ጉበቱ የእኔ።»

ጅቡ ምራቁን ዋጠ። መታገስ ለእሱ ከበሽታ ይብሳል፤ ታገሰ ግን።

አህያው በዚህ ሁሉ ጊዜ «ውሪት ዘንድሮ እንቅልፍ አበዛች» እያለ ነበር የሚያስበው። በሰባተኛው ቀን ግን ምግቧ ሳይነካ ሲያድር ጨነቀውና ቀስ ብሎ፣ ኮቴውን ሳያሰማ ቀረባት። ግንባሯን በአፍንጫው ነካ አደረጋት። ውሪት ዘላ አፍንጫውን ቧጨረችው። ደሙ ጠብ ጠብ አለ።

«ማነው?» አለች።

«እኔ ነኝ» አለ አህያው።

«እኔ ማን?»

አህያው ከፊቷ ቆሟል። በመሐላቸው አንድ እርምጃ እንኳ የለም። ነገሩ ያኔ ገባው።

«ውሪት፣ አታዪኝም እንዴ?»

«ሰባት ቀኔ ነው» አለች። «ግራው ሌት ተቀን ይወጋኛል። ቀኙ ጉም ነው። እባክህ አታባርረኝ።»

«ማባረርን ምን አመጣው?» አለ አህያው። «ያስቀየመኝ ሰባት ቀን ብቻሽን መታመምሽ ነው። ነይ፣ ጀርባዬ ላይ ውጪ። አባ ኤሊ ጋ እንሄዳለን።»

አባ ኤሊ ከወንዙ ዳር የሚኖር ሽማግሌ ሐኪም ነው። ወደ እሱ የሚወስደው መንገድ ግን አንድ ነው፤ እሱም በዋሻው ደጅ ያልፋል። ጅብ ከባድ እንቅልፍ የሚተኛበትን እኩለ ቀን መረጡ። አህያው ኮቴውን አንድ በአንድ እያነሳ በዋሻው ደጅ በተበተኑት አጥንቶች መሐል አለፈ። ከአጥንቶቹ አንዳንዶቹ የአህያ ነበሩ፤ ይህን ለውሪት አልነገራትም። እሷ የምትሰማው የጅቡን ማንኮራፋት ብቻ ነው። እያንዳንዱ እርምጃ ዓይኗን ሲወጋት ጥርሷን ነከሰች። አንድ ጊዜ ማንኮራፋቱ ቆመ። አህያው አንድ እግሩን እንዳነሳ ደርቆ ቀረ። ከዚያ ጅቡ አፉን አላመጠና እንደገና ማንኮራፋት ጀመረ።

አባ ኤሊ ዓይኗን ለረጅም ጊዜ አየው።

«ምች አይደለም» አለ በመጨረሻ። «ግራው ሞቷል፤ ሕመሙ ግን አልሞተም። ዓይኑ ካልወጣ አይለቅሽም። ቀኙን ማዳን ይቻል ይሆናል። ሰባት ቀን ቀድመሽ ብትመጪ ኖሮ ሁለቱንም ማዳን ይቻል ነበር።»

ውሪት አለቀሰች። አባ ኤሊ ሥራውን ሲሠራ አህያው አገጩን ጀርባዋ ላይ አሳርፎ ያዛት። ምን እንደተደረገ አልተርክላችሁም፤ አህያውም ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ሲያበቃ ውሪት ከሰባት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰዳት።

«ጠዋትና ማታ በምንጭ ውሃ እጠብላትና ይህን ቅጠል ቀባት» አለው አባ ኤሊ አህያውን። «ቤት ውስጥ ደግሞ ምንም ዕቃ ከቦታው እንዳታነሳ፤ በእግሯ ቆጥራ ትለምደዋለች። ስትቀርባት ስምህን ተናገር። እናንተ ሰዎች በር ላይ ‹ማነው?› ስትባሉ ‹እኔ ነኝ› ትላላችሁ። ‹እኔ ነኝ› ስም አይደለም። ጅብም ‹እኔ ነኝ› ማለት ይችላል።»

(«እናንተ ሰዎች» ማለቱን አህያው አላረመውም፤ ደስ ብሎታል መሰለኝ።)

በማግስቱ እኩለ ቀን፣ ጅቡ ተኝቶ ሳለ በመጡበት ተመለሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አህያው በየጠዋቱ አንገቱ ላይ ቅል አንጠልጥሎ ከወፍጮው ሥር ካለው ምንጭ ውሃ ይቀዳል። ሲመለስ ከታች፣ የወፍጮው መዘውር ድሮ ይዞርበት በነበረው ጉድጓድ በኩል «አህያ ነኝ፣ ልመጣ ነው» ብሎ ይጣራል። ጉድጓዱ አፉን የከፈተው ከወፍጮው ድንጋይ ኋላ፣ ከወለሉ ላይ ስለሆነ ድምፁ ቤት ውስጥ ያለ ያህል ይሰማል። ውሪትም ልቧ ይረጋጋል። ከበሩ እስከ ድንጋዩ ስምንት እርምጃ፣ ከድንጋዩ እስከ ጉድጓዱ አፍ ሁለት፤ ሁሉንም በእግሯ አወቀችው።

አንድ ጠዋት ጉም አገሩን ሸፈነው። አህያው ውሃ ሊቀዳ ወረደ። ቀበሮና ጅብም ከጉሙ ውስጥ ወጡ።

«ስትገባ ‹ማነው?› ትልሃለች» አለች ቀበሮ። «‹እኔ ነኝ› በል። ሌላ ቃል ትንፍሽ እንዳትል። ጥግ ይዘህ አህያውን ጠብቀው።»

ውሪት ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ነበር። በሩ ሲንቋቋ ሰማች። አህያው ገና አልተጣራም። ፊቷ ላይ የተቀባው ቅጠል አፍንጫዋን ስለዘጋው ምንም አልሸተታትም።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ወፍራም ድምፅ።

የውሪት ፀጉር ቆመ። «እኔ ማን?»

ይህን ቀበሮ አላስተማረችውም። ጅቡ ጥቂት አሰበ፤ ለእሱ ብዙ ነው። «እኔው ነኛ» አለ። ቀጥሎም ሆዱ አላስችል አለውና «አህያው አልገባም?» ብሎ ጠየቀ።

ውሪት ማን እንደሆነ አወቀች። መስኮቱ ከአጠገቧ ነው፤ አንድ ዝላይ ነበር የቀራት። ነገር ግን አህያው አሁን ቅሉን አንጠልጥሎ፣ ምንም ሳያውቅ፣ ለእሷ ዓይን ብሎ እየመጣ ነው። ከቦታዋ አልሄደችም። ከብርሃን ወደ ጨለማ የገባው ጅብ ግድግዳውን ሲዳብስ ሰማችው። እዚህ ቤት ውስጥ የማያየው እሱ ነበር።

«ገብቷል» አለች። «ከድንጋዩ ኋላ ነው። ዝም ካልክ ራሱ ስሙን ይነግርሃል።»

ጅቡ ዝም አለ። ሁለቱም በጨለማ ውስጥ ጠበቁ። የጅቡ ምራቅ ወለሉ ላይ ሲንጠባጠብ ይሰማታል። ትንፋሹ ቀረበ፤ ጢሟን ነካው። ውሪት መተንፈስ አቆመች።

ያኔ ከታች ድምፅ መጣ።

«አህያ ነኝ፣ ልመጣ ነው።»

ጅቡ ወደ ድምፁ ተወረወረ። ከድንጋዩ ኋላ የጠበቀው ግን አህያ ሳይሆን ጉድጓድ ነበር። አሮጌው መዘውር ጎኑን ሰበረው፤ የክረምቱ ጎርፍ ደግሞ ተቀበለውና አህያው ከቆመበት አጠገብ ጠራርጎ ወሰደው።

አህያው ቅሉን ጥሎ አፋፉን ሮጠ። በሩ ላይ ሲደርስ እንኳ አልረሳም። «አህያ ነኝ፣ ልገባ ነው» አለ እያለከለከ። ውሪት አንገቱ ላይ ተጠመጠመችና አለቀሰች።

ወዲያው ከጉሙ ውስጥ የቀበሮ ሹክሹክታ ተሰማ። «አያ ጅቦ፣ አለቀ? ማነው ያለው?»

አህያው እንደ ልማዱ ስሙን ሊናገር አፉን ሲከፍት ውሪት መዳፏን ከንፈሩ ላይ አደረገች። «ዛሬ እንኳ ‹እኔ ነኝ› በል» አለችው በጆሮው።

«እኔ ነኝ፣ ግቢ» አለ አህያው ድምፁን አወፍሮ።

ቀበሮ ጉበቷን እያሰበች ገባች። የተቀበሏት የአህያው ሁለት የኋላ እግሮች ነበሩ። በገባችበት በር ተመልሳ ወጣች፤ መሬት ግን አልረገጠችም። ከዚያ በኋላ በዚያ አካባቢ ያያት የለም።

ክረምቱ ሲወጣ የውሪት ቀኝ ዓይን በመጠኑ ገለጥ አለ። ብርሃንና ጥላ ትለያለች። በሩ ላይ ሁለት ረጃጅም ጆሮዎች ሲቆሙም ታያለች።

«አሁን እኮ አይሃለሁ» ትለዋለች።

«ይሁን» ይላል እሱ። «አህያ ነኝ፣ ልገባ ነው።»

ከዚህ የምንማረው፣ ሕመማችንን ከሚወደን ደብቀን ለማይወደን ስናሳይ በራችንን ለጅብ እንደምንከፍት፣ ለማያይ ወዳጅ ስምን እየተናገሩ መቅረብም ከመድኃኒት የማይተናነስ እንክብካቤ እንደሆነ ነው።