ዓለምን ሁሉ አህያ ያለች ካሜራ

ቀረብ በሉ። ጆሮ ያላችሁ በጆሯችሁ፣ እንቅልፍ የያዛችሁ በጎረቤታችሁ ጆሮ ስሙኝ።

ድሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ጊዜ፣ አንድ ጉሬዛ ነበር። ጉሬዛ ከፊቱ ዙሪያ፣ ከትከሻው ነጭ ካባና ከጅራቱ ጫፍ በቀር ጥቁር ነው። ልጁ ግን ስትወለድ እንደ ጥጥ ነጭ ናት፤ ሦስት ወር ሲሞላት ትጠቁራለች። የጉሬዛ ልጅ ሁሉ እንዲህ ነው። ይህችኛዋ ባዘቶ ትባላለች። ስሙን ያወጣችላት እናቷ ናት። እናቷ ባዘቶ በተወለደች በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተች።

አንድ ጠዋት ጉሬዛ የባዘቶን ጆሮ ሲያጸዳ ጫፉ ላይ ጥቁር ፀጉር አገኘ። አንድ ብቻ። ልጁን አቀፈና ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየዘለለ ጃርት ፎቶ ቤት ደረሰ።

ጃርት ጎበዝ ፎቶ አንሺ ነበረች። እሾኋን ፈርቶ ማንም ተጠግቶ አይጨቀጭቃትም።

«እትዬ ጃርት፣ ልጄ ሳትጠቁር ከእኔ ጋር አንሺልኝ» አለ። «እናቷ የምታውቃት በነጭነቷ ነው።»

«ይሄ ምን ችግር አለው፣ አያ ጉሬዛ። ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። ባዘቶ ግን ከእቅፉ ሾልካ ወደ ካሜራዋ ተጠጋችና በነጭ ጀርባዋ የካሜራዋን ዓይን ሞላችው። ፍላሹ ብልጭ አለ። ፎቶውን አዩት። ባዘቶ የአመድ ክምር መስላለች። ከኋላዋ አባቷ የለም፤ ጨለማ ውስጥ ሁለት ዓይን ብቻ።

ደግመው ተነሡ። አሁን ባዘቶ አፍራ አባቷ ብብት ገባች፤ ጥቁር ደረቱ የካሜራዋን ዓይን ሞላው። ፍላሹ ብልጭ አለ። አባትየው አመድ መስሏል። ባዘቶ ደግሞ የፀሐይ ቁራጭ ሆናለች፤ አፍንጫ የላት፣ ዓይን የላት።

«ቶሎ ቶሎ፣ እየሳቀች ነው» አለች ጃርት፤ ወዲያው ለሦስተኛ ጊዜ ቁልፉን ተጫነች። ፍላሹ ዝም አለ። ፎቶው ላይ ዓይን እንኳ የለም።

«ጥፋቱ የፍላሹ ነው» አለች ካሜራዋ። «አንዴ ይጮኻል፣ አንዴ ያንሾካሹካል።»

«ያልሽኝን ነው ያደረግሁት» አለ ፍላሹ። «ጨምር ስትይ ጨመርኩ፤ ቀንስ ስትይ ቀነስኩ። በሦስተኛው ግን ሆዴ ባዶ ነበር። ባትሪዎቹን ጠይቂ።»

«እኛ አዲስ ነን» አሉ ሦስቱ ባትሪዎች ባንድ ድምፅ። አራተኛው ዝም አለ።

«አንተስ?» አለው ጉሬዛ።

«እኔ ጡረተኛ ነኝ» አለ አራተኛው። «ሬዲዮ ውስጥ ሠርቼ ወጣሁ። ፀሐይ ላይ አሰጡኝ። ቀጥሎ ነከሱኝ።»

ሁሉም ወደ ጃርት ጥርስ አዩ።

«ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው» አለች ጃርት ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሲነከስ እኮ ትንሽ ነፍስ ይዘራል።»

«ለአንድ ዜና ያህል» አለ ባትሪው። «ለመብረቅ አይበቃም።»

ጡረተኛው ወጥቶ መደርደሪያ ላይ አረፈ፤ አዲስ ገባ። ከዚያ ወዲህ ፍላሹ ጠግቦ ቀይ መብራቱን እስኪያበራ ይጠብቁታል፤ እሱም አንድም ጊዜ አላሳፈራቸውም። ፎቶው ግን ያው ነው፤ አንዴ ይጨልማል፣ አንዴ ይነጣል።

«አንዱ ችግር ወጣ፤ አንዱ ቀረ» አለ ጉሬዛ። «እኔን ብቻዬን አንሺኝ። ደረቴን።»

አነሣችው። አመድ።

«ባዘቶንም ብቻዋን። ጀርባዋን።»

አነሣቻት። አመድ።

ጉሬዛ ሁለቱን ፎቶ አስተያየ። ከዚያ ወደ ካሜራዋ ዞረ። «እሜቴ ካሜራ፣ እኔ መልኬ ምንድን ነው?»

«ግራጫ።»

«ልጄስ?»

«ግራጫ።»

«ጃርትስ?»

«ግራጫ። ሲሠሩኝ የነገሩኝ ይህን ነው። ዓለም በጥቅሉ አህያ ይመስላል አሉኝ። ጥቁር ሳይ፣ ጨለማ ውስጥ የቆመ አህያ ነው ብዬ ብርሃን አስጨምራለሁ። ነጭ ሳይ፣ ፀሐይ የመታው አህያ ነው ብዬ አስቀንሳለሁ።»

ጃርት በሳቅ ተንከተከተች፤ ሁለት እሾህ አምልጧት መጋረጃው ላይ ተሰካ። ባዘቶ እሱን ለመንቀል ሮጠች።

በመስኮቱ አንድ ረጅም ጆሮ ብቅ አለ። «ማነው ስሜን ያነሣ?» አለች በደጅ የምታልፍ አህያ።

«ተቀየምሽ?» አላት ጉሬዛ።

«ኧረ እኔስ አልተቀየምኩም። መልኬን ፈልጎ ያነሣ ሰምቼ ስለማላውቅ ነው።»

«እንግዲያው ግቢ» አለ ጉሬዛ። «ለካሜራዋ እውነተኛ አህያ እናሳያት።»

አህያዋ እሱ የተቀመጠበት ቦታ ቆመች። ጃርት የፍላሹን ብርሃን በእጇ አበዛች፣ ቀነሰች፤ አህያዋ ፎቶው ላይ ልክ አህያ ስትመስል ጃርት እጇን ከፍላሹ ላይ አነሣች።

«ይህን ያዝ» አለችው ፍላሹን። «እኔ ካልነካሁህ አትለወጥ። ካሜራዋ የፈለገችውን ብትል አትስማት።»

«እኔስ ምን ልሥራ?» አለች ካሜራዋ።

«አንቺ እዪ። አትገምቺ።»

አህያዋ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለች። ጉሬዛ ልጁን አቅፎ በቦታዋ ተቀመጠ። ቀዩ መብራት እስኪበራ ጠበቁ። ብልጭ አለ።

ጥቁሩ ጥቁር ሆነ፣ ነጩ ነጭ። የባዘቶ ሮዝ አፍንጫ ታየ። ጆሮዋ ጫፍ ላይ ያለችው አንዷ ጥቁር ፀጉር እንኳ አልቀረችም። ጉሬዛ ፎቶውን ብዙ አየው። ወስዶም በሚኖሩበት ዛፍ ቀዳዳ ውስጥ አኖረው።

ባዘቶ ጠቆረች፤ አደገች። አንድ ቀን ፎቶውን ከዛፉ ቀዳዳ አወጣችው። «አባ፣ ይቺ ነጭ ማን ናት?»

«አንቺ ነሽ። እናትሽ ያየችሽ እንዲህ ሆነሽ ነው።»

ፎቶውን ጠጋ ብላ አየች። «ጥጉ ላይ የገባውስ የማን ጆሮ ነው?»

«የአህያ። እሷ ባትመጣ ኖሮ ሁለታችንም አህያ ሆነን ቀርተን ነበር።»

ባዘቶ ሳቀች። ስትስቅ እናቷን ትመስላለች። ጉሬዛም አብሯት ሳቀ።

እናንተም ሌላውን ከመለካታችሁ በፊት መለኪያችሁን ለኩት። ተረቴን ሰጠኋችሁ፤ ባትሪዬ ሳያልቅ ልቀመጥ፤ እንዳትነክሱኝ።