ስብከቱ ሳያልቅ የፈረጠጠችው ፍየል

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» በሉኝ፤ የዛሬው በረት ግን የበግና የፍየል ነው።

አንዲት ድንጉጥ ፍየል ነበረች። በደብረ ዘይት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ስትቃርም ቄሱ ስለ ፍርድ ቀን ሲሰብኩ ሰማች። «ጌታ በጎቹን በቀኙ፣ ፍየሎቹን በግራው ያቆማል» ሲሉ ጊዜ እግሬ አውጪኝ ብላ ፈረጠጠች። አብረዋት የነበሩት በጎች ግን ደስ ብሏቸው ከደጁ በስተቀኝ ተጋደሙ።

ፍየሏ ሦስት ቀን እህል ውሃ ሳትል ሰነበተች። በአራተኛው ቀን አህያ አገኛት።

«እመት ፍየል፣ ምነው ከሳሽ?»

«አያ አህዮ፣ ምን ልሁን? ፀጉሬን ባበጥረው ሱፍ አይሆንልኝ!»

«እኔ አጥሩ ላይ ታስሬ ስለነበር እስከ መጨረሻው ሰማሁ» አለ አህያ። «ቄሱ ስለ ፀጉር አንዲት ቃል አልተነፈሱም። የተራበውን ማን አበላ፣ የተጠማውን ማን አጠጣ ነው ያሉት።»

ፍየሏ እንባዋን ጠረገች። ዞር ብትል አንዲት አንካሳ በግ፣ የበጋው ሣር አልቆባት፣ ከግራር ሥር ቆማ ቅጠሉን ሽቅብ ታያለች። ለፍየል ዛፍ መውጣት ምን ይገዳታል! ወጥታ ለምለም ለምለሙን እየቀነጠበች ጣለችላት። በማግስቱም እንዲሁ፤ ክረምት እስኪገባ ድረስ።

ዓመት ዞሮ ደብረ ዘይት ደረሰ። ፍየሏ ዘንድሮ አልሮጠችም፤ በስተግራ ቆማ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። አንካሳዋ በግም አጠገቧ ጋደም ብላ ታመሰኳለች።

«አንቺ፣ ነይ እንጂ! ወገኖችሽ እዚህ ነን!» ብለው በጎቹ ከቀኝ በኩል አንካሳዋን ጠሯት።

«ሣር ያለቀ ጊዜ ወገኔ የት እንዳለች አይቻለሁ» አለቻቸውና ማመስኳቷን ቀጠለች።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን ማበሱን ተዉትና ዳቦውን ለራበው ቁረሱ።