የውርንጭላዋ ነጥብ

አንድ ጊዜ ጉም ቀኑን ሙሉ በማይገፈፍበት ሸለቆ፣ መንገድ ሠሪዎች ጥለውት በሄዱት ድንኳን ውስጥ፣ አንድ ስክሪን ብቻውን ያበራ ነበር። እንስሳት በጉሙ መንገድ እየሳቱ ገደል ስለሚገቡ አንበሳ ቀበሮን መላ እንድትፈልግ አዘዛት። እሷም የእርምጃና የትንፋሽ ድምፅ ከመሬት እየሰማ፣ እያንዳንዱ እንስሳ የት እንዳለ በብርሃን ነጥብ የሚያሳይ ፕሮግራም ሠራች።

አንበሳ ድንኳኑ ውስጥ ከተጋደመበት ሳይነሳ አየው። «ተገዢዎቼ ሁሉ ወለል ብለው ታዩኝ! ከዚህ የቀለለ ነገር የለም» አለ።

አያ ጅቦ አፍንጫውን ስክሪኑ ላይ ለጠፈ። «እመት ቀበሮ፣ ይቺ ወፍራም ነጥብ ማን ናት?»

«አህያ።»

«ትንሿስ?»

«ልጇ ናታ።»

«ጎሽ! ሳላነፈንፍ ሁሉም ገባኝ» አለና ምራቁን ዋጠ።

ቀበሮ በኩራት ጅራቷን ወዘወዘች። ለጅብ የገባ ነገር ለማን ይከብዳል? «አንቺስ?» አለቻት አህያን።

በአህዮች ወግ በጌታ ፊት «አልወደድኩትም» ማለት ነውር ነው። አህያ አንገቷን ደፍታ፣ «እጅግ ያማረ ነው፣ እመቤቴ። ልጄ ግን ገና ጨቅላ ናት፤ ነጥብ የሚገባት አይደለችም» አለች።

«ኧረ ትሕትናሽ!» ቀበሮ ሳቀች። እሷ ባደገችበት ጉድጓድ ያልወደደ ይነክሳል እንጂ አያመሰግንም። «እንዲያውም የእሷን አደምቀዋለሁ።»

በማግስቱ ጉሙ ወፈረ። አህያ ከግጦሽ ቀና ስትል ልጇ አጠገቧ የለችም። ወደ ድንኳኑ ሮጠች። ደማቁ ነጥብ ወንዙ ዳር ቆሟል። ሌላ ነጥብ ሳይቸኩል፣ መንገድ ሳይስት፣ ቀጥ ብሎ ወደ እሱ ይሄዳል። ልታጠፋው ስክሪኑን በሰኮናዋ ነካካችው፤ ለቀበሮ ጣት የተሠራ ነበርና አልታዘዛትም። ወደ ወንዙ በረረች። ጅቡ አፉን ሲከፍት ደርሳ በኋላ እግሯ ግንባሩን አለችው።

አህዮች ማንንም ሳይሰናበቱ ሸለቆውን ለቀው ወጡ። ሚዳቋዎችም ተከተሏቸው። ነጥቦቹ አንድ በአንድ ጠፉ።

ሦስት ቀሩ። አንዱ ከቦታው የማይነቃነቀው አንበሳ ነው። አንዷ ራሷ ቀበሮ ናት። ጅቡ ጠዋት መጥቶ ስክሪኑ ላይ ሲያፈጥ ባዶውን ሜዳ የሚያይ መስሏት ነበር። አሁን ሦስተኛው ነጥብ ሳይቸኩል ወደ ድንኳኑ ይመጣል።

«ንጉሥ ሆይ፣ ይህን ነገር እናጥፋው!» አለች ወደ አንበሳ ዞራ።

«ምን ሆንሽ?» አለ አንበሳ እያዛጋ። «ምኑ ይከብዳል? ሁሉም ወለል ብሎ ይታያል እኮ።»

ከበስተኋላዋ የድንኳኑ ሸራ በሌላ እስትንፋስ ገባ ወጣ አለ።

ከዚህ የምንማረው ለአዛዡና ለአዳኙ የቀለለ መሣሪያ ለሁሉም ቀሏል ማለት እንዳልሆነ፣ የሚሠራውም ሰው የሌላውን ወግ አውቆ ከምስጋናው ሥር ያለውን ፍርሃት መስማት እንዳለበት ነው።