አሜን የተከለከለበት ምርቃት

አንድ የፈረንሳይኛ መምህር ነበር፤ ስሙ ልሳነወርቅ። ፈረንሳይኛ ከባቡር ሐዲዱ ጋር በገባበት በአንድ የቆላ ከተማ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የፈረንሳይን ግጥም ሲያስተምርና ወደ አማርኛ ሲመልስ የኖረ ሰው ነው። አዋቂነቱን ማንም አይክደውም። ጠባዩ ግን፣ መቼም ከሰው እንከን አይጠፋምና፣ ትንሽ ቆጣ ቆጣ ይል ነበር። አንዱ ተማሪ ግጥም ሲያነብ ሌላው ካስነጠሰ «ከመጀመሪያው ድገም!» ይላል። ሲተረጉሙለት ደግሞ አንዲት ቃል የጨመረ ወይም ያጎደለ ወዮለት። «ግጥም የሰው ቤት ነው፤ በሰው ቤት ገብታችሁ ወንበር አታዟዙሩ» ይላቸዋል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ክፉ ምክር አይደለም።

አንድ ዓመት ጥር ላይ ከከተማው ልጆች አንዱ ሠርግ ደገሰ። ፈረንሳይ አገር ለትምህርት ሄዶ ክሌር የምትባል ልጅ ወድዶ ነበርና ሠርጉ እዚሁ በአገሩ ሆነ። የክሌር እናት ከሞተች ቆይታለች። ከወገን የመጡላት አባቷ ብቻ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ዳቦ ጋጋሪ፣ ሙሴ ኤሚል። በዚያ ከተማ ፈረንሳዊ ሁሉ «ሙሴ» ነው። የእኚህ ሙሴ አማርኛ «አመሰግናለሁ» ላይ ያልቃል፤ እሱንም ግማሹን ይውጡታል።

ሠርጉ አራት ቀን ሲቀረው ሙሴ ኤሚል አንዲት ወረቀት ይዘው መምህር ልሳነወርቅ ቤት መጡ።

«እኔ ገጣሚ አይደለሁም» አሉት። «ግን ለልጄ ስምንት መስመር ጻፍኩላት። በእናንተ አገር ወላጅ ልጁን በሰው ፊት ይመርቃል ብለውኛል። ከሠርጉ ማግስት ወደ አገሬ እመለሳለሁ። እኔ ልጄን ለማን እንደምሰጥ አይቻለሁ፤ የሙሽራው ወገኖች ግን ልጁን የሰጣቸው ሰው ምን እንደሚል አያውቁም። ይህችን ብቻ በአማርኛ ይስሙልኝ።»

መምህሩ ወረቀቱን ተቀበላቸው። የዳቦ ጋጋሪ ግጥም ነው ብሎ አልናቀም፤ ይህንን ልንመሰክርለት ይገባል። ሦስት ቀን ሙሉ ተቀመጠበት። ቃል በቃል መዘነ፣ ሰረዘ፣ ደገመ። ሲጨርስ አንድም የጎደለ፣ አንድም የተረፈ ነገር አልነበረም።

የሠርጉ ቀን ሙሽሮቹ ድንኳኑ መሃል ተንበረከኩ። መምህሩ ከሙሴ ኤሚል ጎን ቆመና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ልጄ ሆይ፣ የቤትሽ መስኮት ወደ ንጋት ይከፈት» ብሎ ጀመረ።

«አሜን!» አሉ የሙሽራው አያት አባባ ዘገየ፤ በጊዜያቸው ባቡር ይነዱ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ድንኳኑም «አሜን!» ብሎ ተከተላቸው። በቀኝ በኩል የተቀመጡት ሙስሊም ጎረቤቶች «አሚን!» አሉ።

መምህሩ እጁን ዘረጋ። «እባካችሁ ጸጥታ! ይህ ግጥም ነው። እስኪያልቅ አይቋረጥም።»

ሁለተኛው መስመር ላይ አንዲት ሴትዮ አምልጧቸው «አሜን» ቢሉ በዓይኑ ገረፋቸው። ከዚያ በኋላ ማን ይተነፍሳል? ሰው ዝም አለ። ቀስ በቀስም የየራሱን ጨዋታ ያዘ። ያኛው ስለ ሙቀቱ፣ ይህኛው ስለ ጠጁ፣ ሌላዋ ስለ ሙሽራዋ ጫማ ታወራለች። መምህሩ ግጥሙን እስከ መጨረሻው አንድ ቃል ሳያጎድል አነበበ፤ የሰማው ግን ራሱ ብቻ ነበር። ሲጨርስ ከኋላ አራት አምስት ሰው ለይሉኝታ አጨበጨበ።

ሙሴ ኤሚል አማርኛ ባይገባቸውም የሰው ፊት ማንበብ አላቃታቸውም። ወረቀታቸውን አጠፍ አደረጉና «አልወደዱትም» አሉ በቋንቋቸው። «ግድ የለም። እኔ የማውቀው ዳቦ ነው።» ክሌር ከተንበረከከችበት ቀና ብላ አባቷን ስታይ ዓይኗ እንባ ሞላ።

መምህሩ ክው አለ። ወደ አባባ ዘገየ ጠጋ ብሎ «አባባ፣ ምነው? ሰውየው እኮ ልጃቸውን እየመረቁ ነበር!» አላቸው።

«ለዚህ እኔን ትጠይቀኛለህ?» አሉ ሽማግሌው በቁጣ። «አሜን ስል አፌን ዘጋኸው እኮ! ሰው ሲመረቅ አሜን እንዳትሉ የሚል ሰው በዚህ ዕድሜዬ ገና ዛሬ አየሁ።»

«በግጥሙ ውስጥ አሜን የሚል ቃል የለማ፣ አባባ! ያልተጻፈ ልጨምርባቸው?»

«አንተ ልጅ! በየትኛው ምርቃት ውስጥ ነው አሜን ተጽፎ ያየኸው? እኔ ስመርቅ አሜን እላለሁ? አሜን የመራቂው አይደለም፣ የሰሚው ድርሻ ነው። አንተ ቃሉን አምጣልን፤ ድርሻችንን ግን አትቀማን።»

መምህሩ የሽማግሌውን ቃል በልቡ መዘነው። ለሠላሳ ዓመት ግጥምን ሲጠብቅ የኖረው ከተማሪ፣ ከማስነጠስ፣ ከተጨመረ ቃል ነው። የሚጠብቀው ለማን እንደሆነ ግን ጠይቆ አያውቅም። እንዲህ ያለውን ነገር በአደባባይ ማመን ለኩሩ ሰው ቀላል አይደለም። እሱ ግን፣ ይባረክና፣ ከገባው የሚግደረደር ሰው አልነበረም።

ወደ ሙሴ ኤሚል ተመልሶ «ጥፋቱ የእኔ እንጂ የግጥምዎ አይደለም» አላቸው። «አሁን ራስዎ አንድ መስመር በፈረንሳይኛ ይበሉ፤ እኔ እተረጉማለሁ። ከዚያ ቆም ይበሉ። ሰዎቹ የሚሉት ነገር አለ።»

ሙሴ ኤሚል ወረቀቱን እንደገና ዘረጉት። የመጀመሪያውን መስመር አሉ፤ መምህሩ መለሰው።

«አሜን!» አለ ድንኳኑ። ሙሴ ከመደንገጣቸው የተነሣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ቀጥለው ግን ፊታቸው ፈካ።

«ተኳርፋችሁ የምታድሩበት ቀን በዓመት አንዴ ይሁን።»

«አሜን! ኧረ አንዴስ ከሆነ ተመስገን ነው!» አለች አንዷ፤ ሳቅ ሆነ።

«ስናፍቅሽ ናፍቆቴ እህል አይንሳሽ።»

«አሜን» አሉ፤ ይህኛው ለስለስ ያለ ነበር። ክሌር እያለቀሰች ትስቅ ጀመር።

አምስተኛው ላይ ሲደርሱ ቅድም በዓይን የተገረፉት ሴትዮ መምህሩ ሳይተረጉም «አሜን!» አሉ።

«ምን እንዳሉ ሳይሰሙ?» አላቸው መምህሩ።

«አባት ልጁን ምን ሊላት ኖሯል? ይልቅ አንተ ቶሎ ቶሎ በል!» አሉት። መምህሩ ሳቀና ቀጠለ።

እንዲህ እንዲህ እያሉ ስምንተኛው መስመር ላይ ደረሱ። ሙሴ ኤሚል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡት። መምህሩም እንዳለ መለሰው፦

«እኔ ግን ብቻዬን እመለሳለሁ፤ በቤቴም የሚጠብቀኝ የለም።»

አሜን የሚል ጠፋ። ሙሴ ቆም ብለው ጠበቁ። ይኼኔ አባባ ዘገየ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«የለም! እዚህ ላይ አሜን አንልም» አሉ። «መምህር፣ እንደምልህ ንገርልኝ። አይሁንብዎ! ብቻዬን ማለት ምን ማለት ነው? ልጅ ሰጡን እንጂ ቀማንዎ እንዴ? ይህ ድንኳን ሙሉ ሰው ከዛሬ ጀምሮ ዘመድዎ ነው። እግዜር ቢፈቅድ የልጅ ልጅዎን ታቅፈን በርዎን እናንኳኳለን። ደግሞ እንግዳ አልቀበልም ብለው በር ይዝጉብንና እንተያያለን፣ በልልኝ!»

«አይሁን! አይሁን!» አለ ድንኳኑ በአንድ ድምፅ።

መምህር ልሳነወርቅ ስንት ግጥም ከፈረንሳይኛ አምጥቷል። ለግጥም የተሰጠ መልስ ይዞ ወደ ገጣሚው ሲመለስ ግን በሕይወቱ ያ የመጀመሪያው ነበር። የሽማግሌውን ቃል አንድም ሳያጎድል ተረጎመላቸው።

ሙሴ ኤሚል ሰምተው ሲያበቁ ከደረት ኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡ። ወረቀቱን መዳፋቸው ላይ አስደግፈው ስምንተኛውን መስመር ሰረዙት።

«ኧረ ምን እያደረጉ ነው!» አለ መምህሩ፤ ልማድ አይለቅማ። «ከሁሉ ያማረው መስመር እኮ እሱ ነው!»

«አውቃለሁ» አሉ ሙሴ ኤሚል። «ስጽፈው እውነት ነበር። አሁን ግን ውሸት ሆነ።»

ወዳጆቼ፣ ቃልን ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ ቋንቋ ማሻገር ትልቅ ሙያ ነው። የተሻገረው ቃል ግን የሚቀበለውና የሚመልስለት ሰው ካላገኘ መንገድ ላይ እንደቀረ ይቆጠራል። አስተማሪም፣ ተርጓሚም፣ ሰባኪም ብንሆን ቃሉን እንጠብቃለን ብለን የሰሚውን አፍ አንዝጋ። ሰሚም ስንሆን ድርሻችንን አንርሳ፤ ለመልካሙ አሜን፣ ለክፉው አይሁን ማለት የእኛ ፋንታ ነው። ስንቱ ሰው በመካከላችን «ብቻዬን ነኝ» የምትል መስመር ይዞ ይዞራል! ባለፈው ጊዜ አንዱ እንዲህ ያለችውን መስመር በፊታችሁ ሲያነብ፣ እናንተ አጨበጨባችሁ ወይስ እንደ አባባ ዘገየ ተነሣችሁ?